ትንፋሽ ያጣው ውሃ

ንጉሥ ዳርዘማ በቀንዶራ በነገሠ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ አልጋ ወራሹ በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ የሕፃኑ ነጭ መጠቅለያ ከመታጠቢያው ገንዳ ቀልቶ ወጣ። ሞግዚቶቹ ደም መስሏቸው ሕፃኑን ቢያገላብጡት ጭረት የለበትም። ጨርቁን ደግመው አጠቡት፤ ባሰበት። ሦስተኛ ሲያጥቡት የዛገ ማረሻ የተጠቀለለበት መሰለ። ዘጠኝ ነገሥታት የተጠቀለሉበት ጨርቅ በአሥረኛው ላይ ቢቀላ ምልክቱ ክፉ መሆኑን ለማወቅ ኮከብ ቆጣሪ መሆን አያስፈልግም፤ ኮከብ ቆጣሪዎቹም ሳይጠየቁ ተናገሩ።

ወሬው ከቤተ መንግሥት ወደ ከተማ ሲወርድ ግን ሌላ ጉድ ወጣ። ለካ ጨርቁ ያልቀላበት ቤት አልነበረም። እያንዳንዷ እመቤት መዓቱ በእሷ ደጅ ብቻ የወረደ መስሏት፣ «ገመናዬን ማን ይወቅብኝ» እያለች ነጠላዋን ጓሮ ስታሰጣ ኖራለች። ንጉሡ ላይ ሲደርስ ሁሉም አፉን ከፈተ፤ መቼስ የንጉሥ ገመና የሕዝብ እፎይታ ነው።

እስከዚያ ቀን ያልታወቀበት ምክንያት አለው። በቀንዶራ ውሃ በዓይን ይበላል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የየግቢው ጉድጓድ በድንጋይ ክዳንና በበሬ ቆዳ ይታፈናል፤ ሴቶች ፊታቸውን አዙረው ይቀዳሉ፤ እንስራው አፉ ይታሰራል፤ ጠጪው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠጣል። ንጉሡ ሲጠጣማ አራት ሰው መጋረጃ ይይዛል። ውሃን ገልጦ እንዲያይ ሕግ የሚፈቅድለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የጉድጓድ ቆፋሪዎች አለቃ። ሳያይ መቆፈር አይችልማ።

በዚያ ዘመን አለቃው ቢረሳው የሚባል፣ ነገሩ ሁሉ ቀስ ያለ ሽማግሌ ነበር። እንግዲህ ውሃው በዓይን ከተበላ፣ ያየው ዓይን የሱ ብቻ ነው። ፍርዱ ምሳ ሳይደርስ አለቀ። ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሥቶ፣ እጁን በዘውዱ ላይ ጭኖ ማለ።

«በስምንቱ አባቶቼ አጥንት እምላለሁ። ይህ ውሃ በአርባ ቀን ውስጥ ካልጠራ፣ የበላው ዓይን ፀሐይ አያይም፤ በጋለ ብረት ይጠፋል።»

ቢረሳው ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ሃያ ዓመቷ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ገመድ ወገቧ ላይ አስሮ ጉድጓድ አውርዷታል፤ ስለዚህ ከጨለማም ከጭቃም ጋር ትግባባለች፣ ከሰው ጋር ግን ምላሷ ቶሎ ያጣላታል። የዚያን ቀን ምላሷ ተሳሰረ። ወደ እስር ቤቱ ሄዳ በፍርግርጉ በኩል አባቷን ስታየው እንባዋ ቀደማት።

ቢረሳው ልቅሶውን ቸል ብሎ ቤት ነጭ ጣባ እንዳለ ጠየቃት። ዓይንዎ ሊጠፋ ነው እኮ እላለሁ፣ አለችው። ሰምቻለሁ አላትና ነገሩን ለአዲስ ሠራተኛ እንደሚያስረዳ ሰው ቀጠለ።

«ነጭ ጣባ ላይ ቅጂው፤ አስቀምጠሽም ጠብቂ። ከጉድጓዱ ሲወጣ ከነቀላ አፈር ወይም ዝገት ነው፤ ቢቀመጥ ይዘቅጣል። እንደ ጌሾ ውሃ ሆኖ ወጥቶ፣ ቢያድርም ካልለቀቀ የበሰበሰ ቅጠል ነው። ጠርቶ ወጥቶ፣ ሲቀመጥ ከቀላ ግን ብረት ጠጥቷል ማለት ነው። ብረት ከሆነ ዓይን አልበላውም፤ ልጄ፣ የት እንደጠጣው ፈልጊ።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ውሃውን የሚያሳይ ቤት መገኘቱ ነው ጭንቁ። ትርንጎ ጣባዋን ታቅፋ ስድስት በር አንኳኳች፤ ስድስቱም «የአባትሽ ዓይን አልበቃን ብሎ ነው?» ብለው ዘጉባት። በሰባተኛው፣ በድንጋይ ጠራቢው በሸንቁጤ ቤት፣ ሚስቱ ማንጠግቦሽ ወጣች። ማንጠግቦሽ ባለፈው ሳምንት የልጇን የሠርግ ልብስ አጥባ ጉድ ሆናለች። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል ብላ አስገባቻት።

ውሃውን ቀዱት። ሁለቱም አዩት። ማንጠግቦሽ በሃምሳ ዓመቷ የምትጠጣውን ነገር ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የጣባው ሥር እስኪታይ የጠራ ነው። ቅር አላት፤ ትልቅ ነገር ጠብቃ ኖሮ። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ፣ ከውሃው ላይ እንደ ቅባት የሚያብለጨልጭ ነገር ተንሳፈፈ፤ ቀስ በቀስ ደመናማ ሆነ፤ ምስሩ ተለቅሞ ሲያልቅ ጣባው ውስጥ ያለው ነገር የሸክላ አፈር ቀለም ይዟል። በዚህ መሐል ሸንቁጤ ገባ። ውሃ ተገልጦ ሲያይ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ፤ ከዚያ ጣቶቹን ከፈት አደረገ።

«ብረት ነው» አለች ትርንጎ። አባቷ ንጹሕ መሆኑን ታውቅ ነበር፣ በጣባ ላይ ማየቱ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ማንጠግቦሽ ያዘችው። ትርንጎን የዘጉባት ሴቶች ለሷ አፋቸውን ፈቱ። ልብስሽ መቅላት የጀመረው መቼ ነው እያለች ሠፈር ለሠፈር ዞረች። በተራራው ሥር ያለው የላይ ሠፈር ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መካከለኛው አምስት። ዝቅ ብሎ ሜዳው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ዘንድሮ። መዓቱ ከደብረ ዋልካ ተራራ በምድር ውስጥ እየተንፏቀቀ ወርዷል ማለት ነው። ይህን በራት ላይ ስታወራ ሸንቁጤ ማላመጡን አቆመ።

ሸንቁጤ የቀንዶራ አንደኛ ጠራቢ ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት ንጉሡ የሁሉ ጉድጓድ መነሻ የሆነችውን እናት ምንጭን ከክፉ ዓይን ለመሰወር አስቦ፣ በላይዋ የድንጋይ ጉልላት እንዲሠራ አዞት ነበር። ሸንቁጤ ሠራ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ብረት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ከውሃው መውጫ በቀር መርፌ የምትሾልክበት ቀዳዳ አልተወም። ከሠራው ሁሉ የሚኮራው በሱ ነበር፤ ሲሰክርም የሚያወራው ስለሱ ነው።

ትርንጎ ይህን ይዛ ወደ ፍርግርጉ ተመለሰች። ቢረሳው ዓመቶቹን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ የደብረ ዋልካ ድንጋይ ከጥንትም ብረት እንዳለው፣ ምንጯ ገላጣ በነበረች ጊዜ ግን ውሃው ከንፋስ ጋር ተገናኝቶ ብረቱን ደጃፉ ላይ እየጣለ ንጹሕ ሆኖ እንደሚወርድ ነገራት። በጉልላቱ ሥር ትንፋሽ አጣ፤ ትንፋሽ ያጣ ውሃ ብረቱን ተሸክሞ ይሄዳል። ሌላም አስጠነቀቃት። ታፍኖ በኖረ ቀይ ውሃ ውስጥ ዝልጋ ይበቅላል። ዝልጋ አጥንትም ዓይንም የለው፤ ቀይ፣ ዝልግልግ፣ የነካውን የማይለቅ ፍጡር ነው። ንፋስ ብቻ ይገድለዋል።

ትርንጎ በአሥረኛው ቀን ንጉሡ ፊት ቀረበች። ሦስት ጊዜ እጅ ነሥታ ነገሩን ሁሉ ሳትደብቅ ተናገረች፤ ጉልላቱ ይፍረስ ማለት ንጉሥ ሆይ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ማለት መሆኑ ለአዳራሹ ሁሉ ግልጽ ነበር። መኳንንቱ ወደ ንጉሡ ዞሩ። ዳርዘማ ደረቅ ሰው ነው፤ ቁጣም ደስታም ፊቱ ላይ አይወጣም።

«ሂጂ፣ ክፈቺው» አለ። «እኔ አጥፍቼ እንደሆነ ይታወቅ። ጉልላቱ ፈርሶ ውሃው ሳይጠራ አርባው ቀን ከሞላ ግን፣ ከአባትሽ ዓይን ጋር ያንቺም ይጠፋል። ትምያለሽ?»

«እምላለሁ» አለች ትርንጎ።

እንዳትኮበልል አንዳርጌ የሚባል የዘብ አለቃ ተመደበባት። መንገዱን የሚያውቅ ሸንቁጤ ደግሞ ሳይጠራ መጣ። ማንጠግቦሽ ስንቁን እያሰረች፣ የገዛ ሥራህን ልታፈርስ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ደርሼ አየዋለሁ አላት።

ወደ ደብረ ዋልካ አቀበቱ ስድስት ቀን ይፈጃል። በሁለተኛው ቀን የአስታ ደን ውስጥ ገቡ፤ ዛፎቹ ከመርዘማቸው የተነሣ ቀትር ላይ እንኳ ጥላ ለብሶ የሚኬድበት ደን ነው። በአራተኛው ቀን ዛራ በሚባሉ ክንፋም ጅቦች እየተሳደዱ አንድ አደገኛ ገደል ተሻገሩ፤ አንዳርጌ ሁለቱን በጦር ጣለ፤ ትከሻውም ተቦጨቀ። ጀግንነቱ ሐሜት የለበትም። ያሸነፈው ሌላ ነገር ነው።

በአምስተኛው ቀን አንዳርጌ ከጅረት በቅሉ ቀድቶ፣ እንደ ጨዋ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ተሰማው። አሳለው፤ ደም ተፋ። የዛራ መንጋ ያልበገረው ሰው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ዓይን በላኝ እያለ ኑዛዜ ጀመረ። ሸንቁጤ አገጩን ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረና ጉሮሮውን አየ፤ አልቅት ነው። ትምባሆ በውሃ በጥብጦ አጉመጠመጠው፤ የላላውን አልቅት በሁለት ጣቱ ስቦ አውጥቶ መሬት ላይ ጣለለት።

«ብታየው ኖሮ አትውጠውም ነበር» አለው።

አንዳርጌ ቅሉን ጣለ። ከዚያ ወዲያ ውሃ በመዳፉ እየዘገነ፣ ወደ ብርሃን እያዞረ፣ ትርንጎ እስክትሰለች ድረስ እያየ ጠጣ።

በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጉልላቱ ታየ። ከቀይ ቋጥኞች መሐል ነጭ ሆኖ ተቀምጧል፤ ድንጋዮቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው አንድ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ዐሥር ክረምት አልነካውም። ትርንጎ ልታፈርሰው መጥታ ሳለች እንኳ አፏን ከፍታ ቀረች። ሸንቁጤ አንድ ጊዜ ዞረው፤ በእጁ ዳበሰው፤ አንድም እንከን አላገኘበትም። እንከን ቢያገኝ ደስ ይለው ነበር፣ አለ።

ከውጭ ሊፈርስ አይችልም። ንጉሡ ሌባ እንዳይከፍተው ስላዘዘ፣ ሁሉን የያዘው ድንጋይ በውስጥ በኩል ነው የተቀመጠው። መግቢያው ውሃው ወጥቶ ወዲያው ወደ ምድር የሚሰርግበት፣ ሰው በሆዱ የሚሳብበት ቱቦ ብቻ ነው። ከቱቦው አፍ ቀይ ልጋግ ይንጠባጠባል፤ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ትርንጎ እንጨት ሰደደች። ውስጥ ያለው ነገር እንጨቱን ያዘና ቀስ አድርጎ ወሰደው።

እኔ እገባለሁ አለች። ቀጭን ናት፣ ጉድጓድ ለምዳለች፣ የሚጠፋውም ዓይን የአባቷ ነው። አንዳርጌም እኔ ወታደር ነኝ አለ። ሸንቁጤ ሁለቱንም አዳምጦ ጨረሰና እጀ ጠባቡን አወለቀ።

«ድንጋዩን የማውቀው እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ ብትገቢ ከነጋ እስኪመሽ ትደበድቢዋለሽ፤ ዝልጋውም እስከዚያ አይጠብቅሽም። ልጄ፣ እኔ የንጉሥ ትእዛዝ ስለሆነ ነው የሠራሁት እያልኩ ስድስት ቀን ሙሉ መጣሁ። ውሸቴን ነው። ውብ ስለሚሆን ነው የሠራሁት። ውሃው ምን ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። አባትሽ በኔ ዕዳ ነው የታሰረው።»

ገመድ ወገቡ ላይ አሰሩለት። መዶሻዬን ስትሰሙ ገመዱን ልቀቁና እዚያ ጽድ ዛፍ ዘንድ ድረሱ አላቸው። ገመዱ ታዲያ ለምንህ ነው ስትለው፣ ለመግቢያው ነው አላት። ትርንጎ ያን ጊዜ ገባት። ክንዱን ያዘችው፤ አትሂድ ልትለው ፈለገች፣ አትሂድ ካለች ደግሞ የአባቷ ዓይን አለ። ምንም አላለችም። እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ያሳፈራት ያ ዝምታ ነው። ሸንቁጤ እጇን ቀስ አድርጎ አላቀቀና በሆዱ ተስቦ ገባ።

ገመዱ ቀስ እያለ ተሳበ። ቆመ። ከዚያ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ተወጠረ፤ ዝልጋው ይዞታል። አንዳርጌ ወደኋላ ሊስብ ሲታገል ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ፤ ለስላሳ ነበር። አንዳርጌ ትርንጎን ክንዷን ይዞ ሮጠ። መንገድ ላይ ሳሉ ሁለተኛው ተሰማ። ጽዱ ዘንድ ሲደርሱ ሦስተኛው መጣ፤ ይኸኛው ተራራውን አንቀጠቀጠው። ጉልላቱ መጀመሪያ ጫፉ ሰመጠ፣ ቀጥሎ ሁሉም ወደ ውስጥ ፈሰሰ። የደብረ ዋልካ ንፋስ ዐሥር ዓመት የተከለከለችው ምንጭ ላይ ወረደ። ዝልጋው በድንጋዮቹ መሐል ለማምለጥ ተንፈራገጠ፤ ንፋሱ ሲነካው ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ ቀይ ዱቄት ሆኖ በነነ።

ሸንቁጤን ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እዚያው፣ ከውሃው ራቅ አድርገው ቀበሩት፤ መቃብሩን በገዛ ድንጋዮቹ ሠሩለት። ትርንጎ አለቀሰች፤ አንዳርጌም አለቀሰ፣ ወታደር ነኝ ብሎ አልደበቀም። ውሃው በዐለቱ ላይ እየተንደረደረ ብረቱን ቋጥኙ ላይ ሲጥል አይተው ተመለሱ።

ቀንዶራ ሲደርሱ ሃያ ስድስተኛው ቀን ነበር፣ ጉድጓዶቹም ገና ይቀላሉ። ከተማው ዓይኗ ይጥፋ ማለት ጀመረ። ትርንጎ ንጉሡ ፊት ቆማ፣ በምድር ውስጥ በመንገድ ላይ ያለው ውሃ ወርዶ እስኪያልቅ ዓመታት እንደሚፈጅ ሳትሸሽግ ተናገረች፤ እስከዚያ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ውሃ ማጥራት ይችላል አለች። አሳያለሁ ካልሽ እዚሁ አሳዪ ተባለች።

የቤተ መንግሥቱን ጉድጓድ አስከፈተች። ሕዝቡ ፊቱን በነጠላ ሸፈነ። ውሃውን በአዳራሹ ደረጃ አናት ላይ በቀጭኑ እንዲያፈሱት አደረገች፤ ውሃው ሃያ አራቱን የድንጋይ ደረጃዎች እየተንጠባጠበ፣ ንፋስ እየጠጣ ወረደ። ከሥር በገንዳ ተጠራቀመ፤ ሁሉም እያየ እንደ ሸክላ ቀላ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ትርንጎ መቅላቱ ደግ ነው፣ ብረቱ ከውሃው እየወጣ ነው አለቻቸው። ሲያድር ቀዩ ከገንዳው ሥር ተኛ። በማግሥቱ ጧት ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ ብላ ቀድታ፣ ሥሩ በተበሳ ትልቅ ጋን ውስጥ ጨመረችው፤ ጋኑ ከሥር ጠጠር፣ ከላዩ የተፈጨ ከሰል፣ ከላዩ የታጠበ አሸዋ ተደልድሎበታል። ከሥር የወጣውን በነጭ ጣባ ተቀበለች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። አልቀላም።

አራቱ ሰዎች መጋረጃቸውን ይዘው ቀረቡ። ንጉሥ ዳርዘማ ጣባውን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«መጋረጃውን አውርዱ» አለ። «ይህን ውሃ ያበላሸሁት ሳላይ ነው። እያየሁ እጠጣለሁ፤ ሕዝቤም እያየኝ።»

ጠጣ። መሐላው በአርባ ቀን ውስጥ ውሃው ካልጠራ ነበር፤ ጠርቷል። ቢረሳው ተፈታ። ብርሃኑ ዓይኑን አጭበርብሮት ልጁን መጀመሪያ በድምጿ ነው ያወቃት፤ አቅፏት ሲያበቃ ከሰሉ በደንብ ታጥቦ እንደሆነ ጠየቃት። ትርንጎ እየሳቀች አለቀሰች።

የዚያኑ ቀን ከአንዳርጌ ጋር ወደ ማንጠግቦሽ ቤት ሄዱ። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷት ጥቁር ለብሳ ነበር። ትርንጎ እግሯ ሥር ወድቃ፣ መግባቱን ዝም ብዬ አየሁት አለቻት። ማንጠግቦሽ አነሣቻት፣ አስቀመጠቻት፣ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትነግራት ጠየቀቻት። ትርንጎ ነገረቻት። አንዳርጌም ሰውዬው ዝልጋው እየያዘው እንኳ ሦስት ጊዜ መምታቱን፣ የመጀመሪያው ክንዱ ዝሎ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ በኋላ ግን እንደ አንበሳ መበርታቱን አወደሰ።

ማንጠግቦሽ ቀና አለች።

«ስንት ነበር ያልከኝ?»

«ሦስት፣ እትዬ።»

«ሠላሳ ዓመት መሮ ይዤለታለሁ» አለች። «ሸንቁጤ አንድ ድንጋይ ሁለቴ መትቶ አያውቅም። አንድ ይበቃው ነበር። እነዚያን ሁለቱን ጽዱ ዘንድ እስክትደርሱ ነው የመታው።»

አንዳርጌ አንገቱን ደፋ። ማንጠግቦሽ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ወደ ግቢዋ ወጣች፤ የጉድጓዷን የድንጋይ ክዳን ብቻዋን ልትገፋ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ሁለቱ ተነሥተው አገዟት። ክዳኑ ተገለጠ፤ ሦስቱም ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ።